ለመጅሊሱ ድምፅ ቀበሌ ጠራችሁን፤ ለፓርላማው ድምፅ መስጂድ በር መጣችሁ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማን አር-ረሒም



ግንቦት 16 ቀን 2007 እየደረሰ ነው። ለአምስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀርተዋል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከቅዳሜ ገበያ እስከ አዲስ ዓለም ያለው የመብራት ምሰሶ ሁሉ የዕጩ ፎቶ ተለጥፎበታል። ድምፅ ማጉያ የጫነ መኪና ከንጋት ጀምሮ «ንብን ምረጡ» እያለ ይዞራል። አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታችንን ያልመለሰ ሹም ዛሬ ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ በር ላይ ቆሞ «አሰላሙ ዐለይኩም» ይለናል። ወጣቶቻችንን ስለ ሥራ፣ እናቶቻችንን ስለ ውኃ፣ ሽማግሌዎቻችንን ስለ መቃብር ቦታ ያነጋግራል። ዘንድሮ የማይገባልን ቃል የለም።

እኔ የማንም ፓርቲ አባል ያልሆንኩ መራጭ ነኝ። ሥራዬ ሽመና ነው። የምርጫ ካርድ አውጥቻለሁ። ካርዱን ከያዝኩበት ቀን ጀምሮ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል፤ እናንተንም እንደያዛችሁ አልጠራጠርም። የሃይማኖት መሪዎቻችንን በመስጂዳችን ውስጥ እንዳንመርጥ የከለከለን መንግሥት፣ ራሱን እንድንመርጠው ሲፈልግ ወደ መስጂዳችን በር የሚመጣው በምን አፉ ነው?

ሁለቱ ምርጫዎች

መስከረም 27 ቀን 2005ን አንርሳ። ዕለቱ እሑድ ነበር። በመላ አገሪቱ የመጅሊስ ምርጫ ተብሎ የተጠራው የተካሄደበት ቀን ነው። የተካሄደውም በቀበሌ ነው። ሙስሊሙ ለወራት «መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ» ብሎ ጮኋል። የመስጂድ ጀመዓ እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ማን አምስት ወቅት እንደሚሰግድ፣ ማን የየቲም ገንዘብ እንደሚጠብቅ፣ ማን ዕውቀት እንዳለው፣ ማን ስሙን ብቻ እንደሚያስጠራ ያውቃል። ለሃይማኖቱ የሚበጀውን ሰው ለመለየት ከጀመዓው የተሻለ መዛኝ ከየት ይመጣል? መልሱ ግን «መስጂድ ገለልተኛ ቦታ አይደለም፤ ቀበሌ ይሻላል» የሚል ነበር።

ቀበሌ ገለልተኛ ነው እንዴ? በሚያዝያ 2000 በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ከሦስት ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት መቀመጫዎች፣ በጣት ከሚቆጠሩት በስተቀር፣ በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ገብተዋል። የቀበሌው ሊቀ መንበር የፓርቲው ሰው ነው። አዳራሹ የፓርቲው ስብሰባ የሚካሄድበት ነው። መታወቂያ የሚሰጠው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው፣ የንግድ ፈቃድ ሲታደስ ፊርማው የሚጠየቀው እዚያው ነው። ሰውን ወደዚህ ቦታ ጠርቶ «በነፃነት ምረጥ» ማለት አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ የሚያሰኝ ነው። በአንድ ቀበሌ የአንድ ለአምስት ጠርናፊው ከዋዜማው ጀምሮ ቤት ለቤት እየዞረ «ነገ ያልመጣ ይታወቃል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አልሄድኩም። ብዙዎቻችሁም አልሄዳችሁም። የሄዱትንም አንወቅሳቸውም፤ ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚፈራው ነገር አለው።

እንግዲህ ከዚያ ቀን ሁለት ዓመት ከሰባት ወር አልፏል። ያኔ «መስጂድ ለምርጫ አይሆንም» ያሉን ዛሬ መስጂዱን ለቅስቀሳ አመቺ ሆኖ አግኝተውታል። ያኔ ጀመዓው ራሱን ማስተዳደር የማያውቅ፣ በአክራሪ የሚነዳ ሕዝብ ነበር። ዛሬ ያው ጀመዓ «ጨዋውና አስተዋዩ የሙስሊም መራጭ» ተብሏል። የተለወጠው እኛ አይደለንም። የሰገድነው በዚያው ሰፍ፣ የቆምነው በዚያው ግቢ ነው። የተለወጠው የእነርሱ ጉዳይ ብቻ ነው። ያኔ እኛ መብት ፈልገን ነበር፤ ዛሬ እነርሱ ድምፅ ፈልገዋል።

ጥያቄያችን ምን ነበር?

ለትናንሽ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ነገሩን ከሥሩ እናስታውስ። በሐምሌ 2003 የአህባሽን አስተምህሮ በሥልጠና ስም በኢማሞቻችንና በዑለማዎቻችን ላይ የመጫን ዘመቻ ተጀመረ። በ2004 ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ የአወሊያ ትምህርት ቤት መምህራን ተባረሩ። ጥር ላይ ተማሪዎቹ ተነሱ፤ ጁሙዓ በጁሙዓ ሕዝቡ ተቀላቀላቸው። ሙስሊሙ 17 አባላት ያሉት የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ መርጦ፣ ፊርማውን አሰባስቦ ሰጣቸው። ጥያቄዎቹ ሦስት ነበሩ፦ መጅሊሱ በሕዝበ ሙስሊሙ ምርጫ ይተካ፣ አህባሽን በግዳጅ መጫን ይቁም፣ አወሊያ ገለልተኛ በሆነ ቦርድ ይመራ። ከነዚህ ውስጥ ሥልጣን የሚል አለ? የፓርላማ ወንበር የሚል አለ? ሌላውን ሃይማኖት የሚነካ አንዲት ቃል አለች?

ኮሚቴዎቻችን ከፌዴራል ጉዳዮች ሚኒስቴር ጋር በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ተነጋግረዋል። ያናገሯቸው ባለሥልጣናት ሕጋዊ ወኪሎች መሆናቸውን ስለተቀበሉ ነው አብረዋቸው የተቀመጡት። ወራት ሳይቆይ ግን በሐምሌ 2004 ኡስታዝ አቡበከር አሕመድ፣ ኡስታዝ አሕመዲን ጀበል፣ ኡስታዝ ያሲን ኑሩ፣ ኡስታዝ ካሚል ሸምሱና ሌሎቹም ተለቅመው ታሰሩ። በጥቅምት 2005 በጸረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። ጉዳያቸው ገና በፍርድ ቤት እያለ በዚያው ዓመት «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተባለ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ ፍርዱ ከዳኛ በፊት በስክሪን ተሰጠ። እነሆ ይህ ምርጫ ሲደርስ እስራቸው ሦስት ዓመት ሊደፍን ሁለት ወር ቀርቶታል። እስካሁን ፍርድ የለም።

ሕዝቡ ትናንት የመረጣቸውን ሰዎች ያሰረ፣ ዛሬ «እኔን ምረጡኝ» ሲል የምርጫን ትርጉም ያውቀዋል ማለት ያስቸግራል። አንድ ሰው ድምፅ ስንሰጠው ወኪል፣ ሌላው ድምፅ ስንሰጠው ሽብርተኛ የሚሆንበት ሚዛን የትም አገር የለም። እኛ የመረጥነው ሁሉ የተከበረ ነው፣ ወይም ምርጫችን ጭራሽ ዋጋ የለውም። ከሁለት አንዱን ይንገሩን።

ሕጉን የጻፉት እነርሱ ናቸው

አንዳንድ ካድሬ «ሕግ ይከበር» ሲል ደረቱን ይነፋል። ሕጉን እንክፈተው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንደማይገባ ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ አማኞች የሃይማኖታቸውን የትምህርትና የአስተዳደር ተቋም ማቋቋም እንደሚችሉ ያረጋግጣል። የሚያቋቁሙት አማኞቹ ናቸው። የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ የወረዳ ጸጥታ ዘርፍ፣ የፓርቲ ጽሕፈት ቤት በዚህ አንቀጽ ውስጥ አልተጠቀሱም። ይህን ሕግ ያጸደቁት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ የጠየቅነው የጻፉትን እንዲያነቡልን ብቻ ነው።

በዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ተገዥነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው መሆኑን ይናገራል። መራጩ አመኔታ ሲያጣበት ከውክልናው ሊያነሳው እንደሚችልም ያክላል። ይህን አንቀጽ ከዕጩዎቹ አንዱም በድምፅ ማጉያ ሲያነበው አልሰማሁም። «እንመረጥ» የሚለውን ያውቁታል፤ «ልንነሳ እንችላለን» የሚለውን ግን ገጹን ያጠፉት ይመስላል።

በ2002 ምርጫ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች 545ቱ የገዢው ግንባርና የአጋሮቹ ሆነዋል። አምስት ዓመት ሙሉ ወንበሩ ሞልቶላቸዋል። ያንን ሁሉ ወንበር ይዘው ስለ እስረኞቻችን ምን ጠየቁ? ስለ ቀበሌው የመጅሊስ ምርጫ ምን መረመሩ? እኛ በምንኖርበት ሰፈር እንደራሴ ተብሎ የተላከ ሰው «ምን ደረሰባችሁ? ወሬውን ከእናንተ ልስማው» ብሎ አንድ ቀን አልተቀመጠም። ወኪል ማለት የላከውን ሰው ቃል የሚያደርስ ነው። የላኩትን ረስቶ የጌታውን ቃል ወደ ላኪዎቹ ይዞ የሚመለሰው ስሙ ሌላ ነው።

ነጃሺን ስታነሱ እስከ መጨረሻው አንሱት

በምርጫ ሰሞን የማይቀር አንድ ንግግር አለ። ዕጩው ጉሮሮውን ይጠርግና «ኢትዮጵያ የነጃሺ አገር ናት» ይላል። እውነት ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ይህ ታሪክ ክብራችን ነው። ግን ታሪኩን በግማሽ አትቁረጡብን።

የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሶሐቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ ቁረይሾች ሁለት መልእክተኞች ላኩ። መልእክተኞቹ ለንጉሡም ለሹማምንቱም ስጦታ ይዘው መጡ። «እነዚህ አገር የሚበጠብጡ ናቸው፤ አሳልፈህ ስጠን» አሉ። ሹማምንቱም ስጦታውን ስለቀመሱ «ይሰጡ» ብለው መከሩ። ንጉሡ ግን የተከሰሱትን ሳይሰማ አልፈርድም አለ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ ተነሥተው በነፃነት ተናገሩ። ማንም አፋቸውን አልዘጋም። ንጉሡ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ስደተኞቹን አልሰጥም አለ፤ ስጦታውንም መለሰው።

እንግዲህ ነጃሺን የሚያወድስ ፖለቲከኛ በዚህ ሚዛን ይመዘን። ነጃሺ ከፍርድ በፊት ሰማ፤ እናንተ ከፍርድ በፊት ፊልም ሠራችሁ። ነጃሺ የተከሳሹን ቃል ከአፉ ተቀበለ፤ እናንተ የእኛን ቃል ከካድሬ ሪፖርት ወሰዳችሁ። ነጃሺ ጉቦውን መለሰ፤ እናንተ ጉቦውን ለእኛ ይዛችሁ መጣችሁ። በአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ፍትሕ የሚኮራ ሰው መጀመሪያ ያንን ፍትሕ ያድርገው፤ ከዚያ ያውራው።

ጉቦው በሚል የተነሳው ቃል የከበደበት ካለ እንነጋገር። ውኃ እናስገባለን፣ ኮብልስቶን እናነጥፋለን፣ ለወጣት ብድር እንሰጣለን ይሉናል። ጎንደር ውኃ በፈረቃ የምታገኝ ከተማ ናት። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱን የማያውቅ የከተማው ሰው የለም። ውኃ ያስፈልገናል። ግን ውኃ ለድምፅ የሚሰጥ ውለታ ነው? ቧንቧው የሚዘረጋው በግብራችን ነው። ከሻጭ እስከ ሸማኔ፣ ከመተማ ሰሊጥ ከሚያመጣው ነጋዴ እስከ ጉልት ቸርቻሪዋ ሁላችንም ከፍለንበታል። ከራሳችን ኪስ የወጣውን ገንዘብ «ስጦታ» ብሎ መልሶ የሚሰጠን፣ በላዩም ምስጋና የሚጠይቅ ሰው ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ ሱቁን አንረግጠውም ነበር።

የሸማኔ ሚዛን

የእኔን ሥራ እንደ ምሳሌ ላንሳ። ጎንደር ውስጥ ሽመና የአባቶቻችን እጅ ነው። እናት ፈትሏን ትፈትልና ወደ ሸማኔ ቤት ታመጣዋለች። ብዙዎቹ ክርስቲያን እናቶች ናቸው። ጋቢው ለልጇ ሠርግ ይሁን ለጥምቀት፣ ወራት የደከመችበትን ፈትል ሙስሊሙ ሸማኔ እጅ ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ፊርማ የለም፤ እምነት ብቻ ነው። ሸማኔው ፈትሉን ቢያጠፋባት፣ ወይም ቀንሶ አሳስቶ ቢሠራባት፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ «ሌላ ፈትል አምጪልኝ፤ አሁን ጥሩ አድርጌ እሠራልሻለሁ» ቢላት ትሰጠዋለች? አትሰጠውም። «መጀመሪያ የአምናውን አምጣ» ትለዋለች።

ድምፅም ፈትል ነው። አማና ነው። አላህ በሱረቱ ኒሳእ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ፣ በሰዎች መካከል ስንፈርድም በፍትሕ እንድንፈርድ አዞናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እያንዳንዳችን ጠባቂ መሆናችንን፣ ስለምንጠብቀውም እንደምንጠየቅ አስተምረውናል። ይህ ለሹሙም ነው፤ ለመራጩም ነው። የተሰጠውን አማና የበላ ሹም እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ አማናውን ለማይገባው ደጋግሞ የሚሰጥ መራጭም «ለምን?» መባሉ አይቀርም። አቡበክር (ረ.ዐ) ሲሾሙ ሕዝቡን «መልካም ስሠራ አግዙኝ፤ ስሳሳት አቅኑኝ» ማለታቸው ይታወቃል። ከነቢያት ቀጥሎ በላጭ የሆነው ሰው «አቅኑኝ» ካለ፣ የወረዳ ዕጩ ጥያቄ ሲጠየቅ የሚቆጣው በማን ተማምኖ ነው?

ለተቃዋሚዎቹም የምንለው አለን

ይህ ጽሑፍ የአንድን ወገን ጥፋት ነግሮ ለሌላው ድምፅ የሚለምን አይደለም። ተቃዋሚ ነን የሚሉትም በዚህ ሰሞን ወደ ጀመዓው መጥተዋል። የኮሚቴዎቻችንን ስም በንግግራቸው ይጠራሉ። በአንድ አዳራሽ «ድምፃችን ይሰማ» ሲሉ ጭብጨባ ይጠብቃሉ። እኛም ደስ ይለናል። ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ጁሙዓ በጁሙዓ ስንቆም፣ ልጆቻችን ሲታፈሱ፣ ሴቶቻችን ሲደበደቡ ስንቶቻችሁ ነበራችሁ? የነበራችሁትን እናውቃችኋለን፤ ውለታችሁንም አንረሳም። በምርጫው ዋዜማ ብቻ የደረሳችሁትንም እናውቃችኋለን።

እናንተንም የምንጠይቃችሁ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። እዚህ አዲስ ዓለም በጆሯችን ሹክ የምትሉንን ደባርቅ ገበያ ላይ ጮክ ብላችሁ ትደግሙታላችሁ? ዳባት ላይ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ፣ ክርስቲያኑ ገበሬ በተሰበሰበበት «ሙስሊሙ መሪዎቹን በመስጂዱ የመምረጥ መብት አለው» ትላላችሁ? ወይስ ለእኛ «መብታችሁ ይከበራል»፣ ለደገኛው ወገናችን ደግሞ «አክራሪ መጣብህ» ነው ንግግሩ? በየሰፈሩ የተለያየ ምላስ የሚያወጣ ሰው ከገዢውም ወገን ይሁን ከተቃዋሚው ለአገር አደጋ ነው።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። በከተማ ያለነው ብዙ ነን፤ መስጂዶቻችንም ተቀራራቢ ናቸው። በደጋው ያለው ሙስሊም ግን ጥቂት ነው። እዚህም አንድ ቤተሰብ፣ እዚያም ሁለት ቤተሰብ ሆኖ ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር በደቦ የሚያርስ፣ በአንድ ገበያ የሚውል፣ ለቅሶና ሠርግ የሚጋራ ነው። ፖለቲከኛው ለአንድ ቀን ጭብጨባ ብሎ የሚረጨው ፍርሃት ምርጫው ካለፈ በኋላ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። ዕጩው ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ጎረቤታሞቹ ግን በማግስቱም አንድ ምንጭ ይቀዳሉ።

ባለፈው ወር በሊቢያ በረሃ የአይሲስ ነፍሰ ገዳዮች ክርስቲያን ወገኖቻችንን በግፍ ሲያርዱ አብረን አልቅሰናል። በዚያ ሰሞን የጎንደር ሙስሊም ከጎረቤቱ ድንኳን አልተለየም። ያ ሐዘን የሁላችን ነበር። ስለዚህ ማንም ፖለቲከኛ፣ ከየትኛውም ወገን፣ ያንን ደም ለምርጫ ቅስቀሳ ቢያነሳውና እኛን ከነፍሰ ገዳዮቹ ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢጠራን አፉን የሚያስይዘው መጀመሪያ ክርስቲያን ጎረቤታችን መሆን አለበት። እንደሚያስይዘውም እናምናለን።

ቦታችሁ እዚያ ነው ሲሉን አዲሳችን አይደለም

ጎንደር ብዙ አይታለች። በ1668 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ በዚችው ከተማ የተሰበሰበ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በሌላ ሰፈር እንዲኖሩ ወሰነ። አባቶቻችን ወንዝ ዳር ወረዱ። ሸመኑ፣ ነገዱ፣ ቅፍለት እየመሩ እስከ ሱዳን ዘለቁ። የከተማዋ ጨርቅና ጨው በእጃቸው አለፈ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1870 በቦሩ ሜዳ «ሃይማኖታችሁን ቀይሩ» ተባሉ። እርሱም አለፈ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በአዲስ አበባ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ክርስቲያን ወንድሞችም የተቀላቀሉበት፣ ለሙስሊሙ እኩልነት ሰልፍ ወጣ። ያ ሰልፍ የማንንም ደም አላፈሰሰም። በዓሎቻችን በአገር ደረጃ ሊከበሩ የበቁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ግልጽ ነው። የገዢዎቹ ቋንቋ ይለያያል፤ አንዱ «ሰፈር ለዩ» አለ፣ ሌላው «ሃይማኖት ቀይሩ» አለ፣ የአሁኖቹ «ቀበሌ መጥታችሁ ምረጡ» አሉ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው፤ ሙስሊሙ የት መቆም እንዳለበት የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው የሚል። መብት የተገኘው ደግሞ ከሹም ቸርነት አልነበረም። ሕዝቡ በሰላም፣ በአንድነትና በትዕግሥት ስለጠየቀ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

«በመስጂድ መጽሔት ላይ ስለ ምርጫ ለምን ይጻፋል?» የሚል ይኖራል። ማንን እንደምትመርጡ አንነግራችሁም፤ እንቅስቃሴያችን የፓርቲ ክንፍ ሆኖ አያውቅም፣ አይሆንምም። ነገር ግን መንግሥት ሃይማኖታችን ውስጥ ሲገባ «ፖለቲካ ነው» ያላለ ሰው፣ እኛ ስለ ድምፃችን ስንመክር «ፖለቲካ ነው» ሊል አይገባውም። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚልም አለ። አንድ ክር ጋቢ አይሆንም። ክሩ ሲጎድል ግን ጨርቁ ይሳሳል። ይህን ያህል ካወቅን ይበቃል።

እነዚህን ነገሮች አደራ እላችኋለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛውም ዕጩ በር ላይ ሲመጣ አትሳደቡ፣ አታባርሩ። ሰላምታውን መልሱና ሦስት ጥያቄ በምስክር ፊት ጠይቁት፦ የታሰሩት ኮሚቴዎቻችን እንዲፈቱ በምክር ቤት ትናገራለህ? ሙስሊሙ መጅሊሱን በመስጂዱ እንዲመርጥ ትደግፋለህ? የጸረ ሽብር አዋጁ ሰላማዊ ጠያቂን እንዳያስር እንዲሻሻል ትሠራለህ? መልሱን ጻፉት። ቀኑንም ጻፉት። «ይታያል» ካለ «ይታያል» ብላችሁ ጻፉ።

ሁለተኛ፣ ድምፃችሁን በስኳርና በዘይት፣ በብድር ተስፋና በቦታ ምሪት አትለውጡ። የተገባላችሁ መብታችሁ ከሆነ ያለ ድምፅም ይገባችኋል፤ መብታችሁ ካልሆነ ደግሞ ሐራም ነው።

ሦስተኛ፣ ፍርሃትን አራግፉ። ጠርናፊው እስከ ጣቢያው በር ሊከተል ይችላል። ከመጋረጃው በስተጀርባ ግን ከእናንተ ጋር ያለው አላህ ብቻ ነው። እዚያ ላይ የምታደርጉትን ምልክት አንድ ለአምስት አያየውም። ኅሊናችሁ ባዘዛችሁ አድርጉ። መምረጥ ባለመፈለጋችሁ ከቀራችሁም መብታችሁ ነው፤ አስገድዶ የሚያስወጣችሁ ሕግ የለም።

አራተኛ፣ ሰላማችሁን ጠብቁ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሕይወታቸው ጠፍቷል። እናቶቻቸው ዛሬም ያለቅሳሉ። ሦስት ዓመት ድንጋይ ሳናነሳ ቆይተናል፤ ያስፈራቸውም ይኸው ሰላማዊነታችን ነው። ማንም ሠርጎ ገብ በምርጫው ሰሞን ረብሻ ቢያነሳ አትከተሉት። ጎረቤታችሁን ጠብቁ፤ እርሱም ይጠብቃችኋል።

አምስተኛ፣ ከምርጫው በኋላ አትተኙ። ዕጩው የገባው ቃል የሚፈተነው ድምፅ ማጉያው ሲወርድ ነው። የጻፋችሁትን ወረቀት አስቀምጡ። ስድስት ወር ሲሞላ አውጡት፣ ዓመት ሲሞላ አውጡት። «መጀመሪያ የአምናውን አምጣ» የምንልበት ቀን እንዲመጣ ማስታወሻው በእጃችን ይኑር።

ለዕጩዎች ሁሉ የመጨረሻ ቃላችን ይህ ነው። መስጂዳችን በሩ ክፍት ነው፤ ለሰጋጅም ለእንግዳም። ድምፃችንን ስትፈልጉ ብቻ የምትጎበኙት የገበያ ግቢ ግን አይደለም። ለፓርላማው ወንበር ድምፃችን የሚያበቃ ከሆነ፣ ለመጅሊሳችን ወንበርም ያበቃል። ያሰራችኋቸውን የመረጥናቸው እኛው ነን። እነርሱን ቃሊቲ አስቀምጣችሁ እኛን «ምረጡን» ስትሉን፣ በአንድ እጃችሁ የጣላችሁትን ካርድ በሌላ እጃችሁ እየለመናችሁን መሆኑን እወቁት።

ጌታችን አላህ የታሰሩትን ያስፈታልን፤ የሞቱትን ይማርልን፤ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናልን። አገራችንን ከግፍና ከፍጅት ይጠብቅልን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!

አንድ መራጭ፣ ከአዲስ ዓለም፣ ጎንደር
ግንቦት 2007